ያልነበረው ሊግ፣ ታሪኩና ቡድኖቹ

ቤዝቦል የሚባል ጨዋታ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ኳሷ በእግር ትመታ በእጅ፣ ተጫዋቹ ስንት ይሁን፣ ዳኛው ፊሽካ ይንፋ አይንፋ የማውቀው ነገር አልነበረም። የደሴ፣ የኮምቦልቻ፣ የሐርቡና የቦሩ ሜዳ ከፊል ፕሮፌሽናል የቤዝቦል ሊግን ታሪክ ከነቡድኖቹ በስድስት ገጽ የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ።  እንዴት እዚህ ጣጣ ውስጥ እንደገባሁ ስሙኝና ከፈረዳችሁም ሰምታችሁ ፍረዱ።

ኮምቦልቻ ውስጥ ስሙን የማልጠራው አንድ ፋብሪካ ጸሐፊ ነኝ። ዕድሜዬ ሃምሳን ሊነካ ነው፤ ሆዴ ደግሞ ከእኔ ቀድሞ በር ይገባል። እግዜር የሰጠኝ አንድ ነገር ቢኖር ማመልከቻ መጻፍ ነው። ፈቃድ የሚጠይቅ፣ ቅጣት ይነሳልኝ የሚል፣ ከሚስቱ ተጣልቶ መታረቅ የሚፈልግ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። አንድ ጊዜ ለአንድ የፈትል ክፍል ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ ስጽፍ፣ ወገቡን እንዴት እንደሚቆርጠው አሳምሬ ገለጽኩለት። ሰውየው ፈቃዱን የፈለገው ለዘመድ ሠርግ ነበር። ደብዳቤውን አንብቦ ሲጨርስ ግን ወገቡን ይዞ ቁጭ አለና ሠርጉም ቀረበት። ያን ጊዜ ደንግጬ ብዕሬን ብጥል ኖሮ ዛሬ ሰላም እኖር ነበር።

ከሠራተኞች ሰፈር ጀርባ፣ ወደ ቦርከና ወንዝ ዝቅ ሲሉ አንድ ሜዳ አለ። ሣር የለውም፤ ድንጋዩ ግን በዝቷል። ፈረቃ ሲለቀቅ ጥጡን ከፀጉሩ ሳያራግፍ ወደዚያ የሚወርደው ሰው ብዛት ለጉድ ነው። ለዒድም፣ ለሠርግም፣ ለለቅሶ ድንኳንም ያለን ሜዳ እሱ ብቻ ነው። እኔም ከሥራ በኋላ ጫፉ ላይ ተቀምጬ ካልተነፈስኩ እህል አይወርድልኝም።

አንድ ቀን ሰዒድ ፊቱ ጠቁሮ ቢሮዬ ገባ። ሰዒድ የሽመና ክፍል ኦፕሬተርና የሠራተኞች ስፖርት ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ከቦሩ ሜዳ አካባቢ የመጣ የገበሬ ልጅ ሲሆን፣ ከአምስት ጓደኞቹ ጋር በተከራያት አንዲት ክፍል ይኖራል። ክፍሏ ስድስት ሰው ስለማታስተኛ በተራ ነው የሚተኙባት። ተራው እስኪደርስ ድረስ ሰዒድ የሚኖረው ሜዳው ላይ ነው ብል ማጋነን አይደለም።

«ጋሼ፣ ሜዳችን ሊሄድ ነው» አለኝ።

«ሜዳ የት ይሄዳል?»

«የከባድ መኪና ማቆሚያ ሊሆን። የከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ጠርቶ ነገረን። ለእግር ኳስ ሌላ ቦታ ተሰጥቷችኋል አሉ። በእናንተ ሜዳ የቆየ ሌላ የስፖርት ሊግ ካለ ብቻ ታሪኩንና ቡድኖቹን ጽፋችሁ በሦስት ቀን አምጡ ተባልን።»

«የተሰጣችሁ ቦታ የት ነው?»

«በእግር አንድ ሰዓት ተኩል። ከፈረቃ ወጥቼ እዚያ ደርሼ ስመለስ የመኝታ ተራዬ ያልፋል።»

 በሩን ገርበብ አደረገ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የጃፓኑ ሰውዬ ጆንያዎች አሉ» አለኝ።

አስታወስኩ። አንድ ጃፓናዊ በጎ ፈቃደኛ አገሩ ሲመለስ ለኮሚቴው ሁለት ጆንያ ዕቃ ትቶ ነበር። ወፋፍራም ዱላዎች፣ የአንድ ሰው እጅ የማይመስሉ ትልልቅ የቆዳ ጓንቶችና ድንጋይ የሚያህል ጥንካሬ ያላቸው ነጫጭ ኳሶች ናቸው። ከዱላዎቹ አንዷን የግቢው ዘበኛ ሚስት በርበሬ ትወቅጥባት ነበር። የጨዋታው ስም ቤዝቦል መሆኑን ያወቅነው ከጆንያው ላይ አንብበን ነው።

«ሰዒድ፣ ሊግ እኮ የለም» አልኩት።

«ወላሂ የለም» አለ። «ግን አንቱ ከጻፉት ይኖራል።»

እንዲህ ሲለኝ መቆጣት ነበረብኝ። እኔ ምን ሆንኩ መሰላችሁ? ደስ አለኝ! የምንጊዜም ጠላቴ ሙገሳ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ጀመርኩ። ጽሕፈት ቤቱ ለሰዒድ የሰጠው ቅጽ መጀመሪያ «ሊጉ አማተር ነው፣ ከፊል ፕሮፌሽናል ነው ወይስ ፕሮፌሽናል?» ይላል። ከትሕትና የተነሳ መካከለኛውን መረጥኩ። ከፊል ፕሮፌሽናል ምን ማለት ነው ብሎ ሰዒድ ሲጠይቀኝ፣ ለተጫዋቹ ደመወዝ ሳይሆን የሚበላ ነገር መስጠት ነው አልኩት። ስለዚህ ለቦሩ ሜዳ ተጫዋች ገብስ፣ ለሐርቡ ተጫዋች ፓፓያ፣ ለእኛ ለኮምቦልቻዎቹ ደግሞ ሳሙና ይሰጥ እንደነበር ጻፍኩ። የደሴን ቡድን በተራራዋ ስም «የጦሳ ጭጋግ»፣ የእኛን በወንዛችን ስም «ቦርከና»፣ የቦሩ ሜዳን «ውርጭ» ብዬ ሰየምኩ። የሐርቡን ደግሞ፣ እዚያ ማሽላ ከወፍ የሚጠብቁ ሰዎች ወንጭፍ አወራወራቸው ትዝ ብሎኝ፣ «ወንጭፍ» አልኩት። ሊጉን ያመጣው ከአሰብ መስመር የመጣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነው አልኩ። ስሙን የሚያውቅ የለም፤ እኔም አላውቀውም።

የመጨረሻው ገጽ ላይ ልቤ ተነሳ። ስለ ዋንጫ ጨዋታ መጻፍ አማረኝ። ውሸት እንዳይመስል ራሳችንን ተሸናፊ አደረግኩ። የሐርቡው መሐመድ ሁሴን የመታት ኳስ ሰማይ ላይ ጠፍታ ቆየች፤ ስትወርድ የኮምቦልቻው ይመር አሊ ጓንቱን ዘርግቶ ጠበቃት፤ ከእጁ አምልጣ ወደቀች፤ ኮምቦልቻ አለቀሰ። ይህን ጽፌ ስጨርስ እኔም ዓይኔን ጠረግሁ።

«ጋሼ፣ ይመር አሊ የሚባል ሰው ቢኖርስ?» አለ ሰዒድ።

«ዝም ብዬ ያመጣሁት ስም ነው፤ ማን ይሆናል ብለህ ነው?» አልኩት። ወሎ ውስጥ ተቀምጬ እንዲህ ማለቴን ሳስብ ዛሬም ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ታሪኩን ለማጣራት ጽሕፈት ቤቱ የአራቱንም ቦታ ሽማግሌዎች ጠርቶ፣ በሠራተኞች ክበብ አዳራሽ ስብሰባ አደረገ። ከጽሕፈት ቤቱ የመጣችው ባለሙያ ወይዘሮ ብርቱካን ትባላለች፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትፈልግ፣ ለቀልድ ጊዜ የሌላት ሴት ናት። ጽሑፌ በፋይል ተደርጎ ይቀመጣል ብዬ ነበር ያሰብኩት። እሷ ግን ተነስታ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ለሕዝቡ ጮክ ብላ ታነበው ጀመር!

ክው አልኩ። በወረቀት ላይ ያማረው ሁሉ በአዳራሽ ሲነበብ እርቃኑን ቀረ። ፓፓያው ሲነበብ አንድ ሰው አስነጠሰ። ዋንጫው ጋ ስትደርስ ሸሚዜ ከጀርባዬ ተጣብቋል። ጨርሳ መነጽሯን ሰቀለችና ፊት ለፊት ወደተቀመጡት ሽማግሌዎች ዞረች።

«አባቶቼ፣ ይህን ሊግ ታውቁታላችሁ?»

  ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወደ ሼህ እንድሪስ ዞሩ። ሼህ እንድሪስን የማያውቅ የለም፤ ደም የተቃቡ ሰዎችን የሚያስታርቁ፣ እርሳቸው ተናግረው ሌላ ሰው የማይናገርባቸው አባት ናቸው። ሐሰት ከአፋቸው ወጣ ሲባል ተሰምቶ አያውቅም። አለቀልኝ አልኩ። ሼሁ ግን እኔን አዩኝ። የሸሚዜን እርጥበት አዩ። በአገራችን ደግሞ ሰው በአደባባይ ሲያፍር ዝም ብሎ ማየት ከነውር ሁሉ የከፋ ነውር ነው።

«ይህን ልጅ አውቀዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ያልሆነ ነገር አይጽፍም።»

ነበር አላሉም። አልነበረም አላሉም። ገመናዬን ነው የሸፈኑልኝ። አዳራሹ ግን የሰማው ሌላ ነው። ከደሴ የመጡት ሽማግሌ ወዲያው፣ «ሼሁ ካሉማ ምን ይጠየቃል፤ እኛም ደሴ ላይ እንሰማው ነበር» አሉ። እርሳቸውን ደግሞ ማን ውሸታም ያድርግ? ሦስተኛው ሽማግሌ፣ «መስማት ብቻ? ዱላውን ከወይራ የሚጠርበው አጎቴ አልነበረም እንዴ!» ብለው ተነሱ። አፌ ተከፍቶ ቀረ። ማመልከቻ ጻፊው እኔ ሆኜ አጎት ማምጣት አስቤ አላውቅም።

ወይዘሮ ብርቱካን ማስታወሻዋን ዘጋች። «ጥሩ። እሁድ አራቱም ቡድኖች ሜዳው ላይ ተጫውተው እናያለን። ከዚያ ሽማግሌዎቹ በታሪኩ ላይ ይፈርማሉ፤ ሜዳው የሊጉ ሆኖ ይጸድቃል። ካልቀረቡ ሰኞ አጥር ይጀመራል።»

በማግሥቱ ጠዋት ቢሮዬ በር ላይ አንድ ጡረተኛ ቆሞ ጠበቀኝ። ከፋብሪካው የወጣው ቆየት ብሏል፤ ቀጭን፣ ኮፍያውን በእጁ የያዘ፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ሰው ነው። ማመልከቻ ሊያጽፍ የመጣ መስሎኝ ወንበር ሰጠሁት። አልተቀመጠም።

«ይመር አሊ እባላለሁ» አለኝ።

ብዕሬ ከእጄ ወደቀ።  ይቅርታ ልጠይቅ፣ ስም ነው የተመሳሰለው ልል አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ትናንት ሲነበብ ከኋላ ነበርኩ። ኳስ ጣለ ብለህ ጽፈሃል። እውነት ነው፣ ወድቃለች። ግን ፀሐይ ዓይኔን ወግታኝ ነው። እሱ አልተጻፈም።»

ትክ ብዬ አየሁት። ሲቀልድ አይመስልም። ኮፍያውን ደረቱ ላይ አድርጎ መልሴን ይጠብቃል። እኔ ማን ሆኜ የሰውን ፀሐይ እከለክላለሁ? «አስተካክላለሁ፣ ጋሼ ይመር» ብዬ ሸኘሁት።

በሁለተኛው ቀን ከሐርቡ አንድ ሚኒባስ መጣና ሦስት ሰዎች ወረዱ። ሦስቱም መሐመድ ሁሴን ይባላሉ። አንደኛው ኳሷን በቀኝ እጁ እንደመታት ይምላል፤ ሁለተኛው ግራኝ መሆኑን ለማስረዳት ከጆንያው አውጥቼ የያዝኩትን ዱላ ቀማኝ። ሦስተኛው ዕድሜው ገና ሠላሳ አይሞላም። አንተ ያኔ አልተወለድክም ብለው፣ «አባቴም መሐመድ ሁሴን ነው የሚባል፤ እሱ ስለደከመው እኔን ልኮኝ ነው» አለኝ። አንተ መሐመድ ሁሴን ከሆንክ የአባትህ ስም እንዴት ሁሴን አልሆነም ብዬ ልጠይቅ አሰብኩና ተውኩት።

በሦስተኛው ቀን የጦሳ ጭጋግን የሚጫወት ሰው ፍለጋ ወደ ደሴ ልወጣ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የሐረጎን ዳገት ስንያያዘው ከኋላ ሁለት ሰዎች ስለ ሊጉ ይከራከራሉ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ዳገቱን ወጥቷል! አንደኛው ደሴ ዋንጫ ያልበላው በዳኛ ስለተበደለ ነው ይላል። ሌላው፣ ደሴዎች ያኔም ኮምቦልቻ ሲወርዱ ሙቀቱ ያዞራቸው ነበር ይላል። ልገላግላቸው ብዬ ዞር አልኩና፣ «ወንድሞቼ፣ ሊጉ ምናልባት አልነበረም ይሆናል» አልኩ።  ከዚያ ሁለቱ ተከራካሪዎች በአንድ ድምፅ ጮኹብኝ። ረዳቱ፣ «ሾፌር፣ ወራጅ አለ!» ብሎ በሩን ከፈተ። እኔ ወራጅ አልነበርኩም። በዚያ ብርድና ጭጋግ መሀል ዳገቱን በእግሬ ወጣሁት።

እሁድ ደረሰ። ቢሞላ ሃምሳ ሰው ይመጣል ብለን ነበር፤ ሜዳው ጢም አለ። ልጅ አዝላ የመጣች አለች፣ ከመስጊድ በቀጥታ የመጣ አለ፣ ከቤተ ክርስቲያን ነጠላውን እንዳጣፋ የመጣ አለ። ቦሩ ሜዳዎች ለብርድ የለበሱትን ጋቢ እንደለበሱ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ወርደው ላብ በላብ ሆነዋል፤ ውርጭ የተባለ ቡድን ሲቀልጥ ያየሁት ያን ቀን ነው። ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጋጠማሉ ተባለ፤ ደሴ ከሐርቡ፣ እኛ ከቦሩ ሜዳ። ሕጉን የሚያውቀው ሰዒድ ብቻ ነው፤ እሱም ሌሊቱን በስልክ አይቶ ነው። የሚመታ አለ፣ የሚወረውር አለ፣ መትቶ የሚሮጠው ሰው ጆንያ በተነጠፈባቸው አራት ማረፊያዎች ዞሮ ይመለሳል፤ ኳሷ መሬት ሳትነካ ከተቀለበች ወይም የያዛት ሰው መንገድ ላይ ከነካው ወጣ ማለት ነው። ይኼው ነው፣ ብሎ አስረዳ። ዳኛ ማን ይሁን ሲባል ሕዝቡ በሙሉ ሼህ እንድሪስ አለ።

መጀመሪያ የመታው የደሴ ባጃጅ ነጂ ነው። ኳሷ ጥሩ ሄደች፤ እሱም ነፍሴ አውጪኝ ብሎ ሮጠ። አንደኛው ማረፊያ ላይ ግን የቆሙት የሐርቡው ትልቁ መሐመድ ሁሴን ለካ የሚስቱ አጎት ናቸው። ልጁ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ አጎቴ!»

«ወዓለይኩሙ ሰላም! እንዴት ሰነበታችሁ? ልጆቹስ? እናትህስ ደህና ናት?»

«አልሃምዱሊላህ። እናንተስ? ከብቱስ? ዝናቡ ጣለላችሁ?»

«አልሃምዱሊላህ፣ ጥሏል።»

በዚህ መሀል ኳሷ መጥታ አጎትየው እጅ ገብታለች። ሰዒድ፣ «ይንኩት! ይንኩት!» ብሎ ይጮኻል። አጎትየው ተቆጡ። «ሰላምታ ላይ ያለን ሰው እንዴት እነካለሁ? ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?» ሕዝቡም እውነታቸውን ነው አለ። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ሳይሳለም አላለፈም፤ አንድ ዙር ለመዞር ሩብ ሰዓት ይፈጃል።

በሁለተኛው ግጥሚያ የቦሩ ሜዳው ተጫዋች የእኛን ኳስ አየር ላይ ቀልቦ፣ በጨዋ ደንብ ሮጦ ለመቺው በሁለት እጁ መለሰለት። ወጣ አልወጣም የሚል ክርክር ሲነሳ ሼሁ ሁለቱንም ጠርተው፣ «ሁለታችሁም ልጆቻችን ናችሁ። አንተ ግማሹን ተመለስ፣ አንተ ደግሞ ኳሷን ተውለት» ብለው ያስታርቃሉ። ሰዒድ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ተራው ሲደርስ ግን ተነሳና ኳሷን በአንድ ምት ቦርከና ወንዝ ውስጥ ጨመራት። ሜዳው አበደ! እልልታው ቀለጠ። ሴቶቹ ዘፈኑ፤ እኔ ሆዳሙ ሰውዬ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለልኩ ጨፈርኩ። እንዲህ ተደስቼ አላውቅም። ወይዘሮ ብርቱካን ራሷ መነጽሯ ከግንባሯ ወድቆ ታጨበጭባለች።

ጨዋታው ሲያልቅ ጠረጴዛ ወጣ። ስድስቱ ገጾች ተዘረጉ፤ የጣት አሻራ ቀለም ተከፈተ። ወይዘሮ ብርቱካን፣ «የተጻፈው ታሪክ እውነት መሆኑን መስክረን እንፈርማለን፣ ይላል። ሼህ እንድሪስ፣ እርስዎ ይጀምሩልን» አለች። ሼሁ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

የዚያን ሰዓት የተሰማኝን እንዴት ልንገራችሁ። በአንድ ወገን ሰዒድ አለ፤ እጁን አጣምሮ የሼሁን ጣቶች እንጂ ሌላ ነገር አያይም። በሌላ ወገን የእኒያ ሰው ጣት አለ። ሰማንያ ዓመት በሐሰት ያልቆሸሸ ጣት፣ እኔ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ በፈጠርኩት ፓፓያ ሊቆሽሽ ነው። አንገበገበኝ። አልቻልኩም።

«ይቁም!» ብዬ ጮኽኩ። «ሊጉ አልነበረም! ሾፌሩም፣ ገብሱም፣ ዋንጫውም የለም! ሁሉንም የፈጠርኩት እኔ ነኝ!» ክርስቲያን ብሆንም ወሎዬ ነኝና፣ «ወላሂ!» ብዬ ጨመርኩበት።

እውነት ስናገር ሰው ይደነግጣል ብዬ ነበር። የደነገጥኩት እኔ ነኝ። ሰዒድ ፊቱ አመድ መሰለ። ሌላው ሰው ግን ተነሳብኝ! «የሰው ታሪክ ሊያጠፋ!» አለ የደሴው። «አጎቴን ሊክድ ነው!» አሉ ሽማግሌው። ሦስቱ መሐመዶች ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማምተው በአንድነት ወደ እኔ መጡ። ጋሼ ይመር ብቻ አልተነሳብኝም። ከሰዉ ጀርባ ቆሞ ነበር፤ ኮፍያውን አጥልቆ ፊቱን አዞረ።

ሼህ እንድሪስ እጃቸውን አነሱና ሁሉም ዝም አለ።

«ልጄ፣ ስለነገርከኝ አላህ ይስጥህ» አሉኝ። ከዚያ ወደ ወይዘሮ ብርቱካን ዞሩ። «እኔ የምመሰክረው ያየሁትን ነው። ዛሬ አራት ቡድን አይቻለሁ። ሲጫወቱም አይቻለሁ። ይህ ሁሉ ሰው ሜዳውን ሲፈልገው አይቻለሁ። ይህን ጻፊና ጣቴን ላድርግበት።»

 ወይዘሮ ብርቱካን ስድስት ገጾቼን አጣጥፋ ወደ ቦርሳዋ ከተተችና ባዶ ወረቀት አወጣች። ሼሁ ያሉትን ቃል በቃል ጻፈች። አሻራቸውን አደረጉ። «ሜዳው ይቆያል» አለች። «በየሳምንቱ ግን መጫወት አለባችሁ።» ሰዒድ መሬት ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።

እኔ ተርፌያለሁ ብዬ ላቤን ስጠርግ ሼሁ እንደገና ጠሩኝ። «የአንተ ጉዳይ አላለቀም» አሉ። «የሰው ስም አንስተህ በአደባባይ አስነበብክ። ዛሬ ደግሞ በአደባባይ የለም አልክ። ይመርን ሁለት ጊዜ አዋርደኸዋል። ድንጋይ ተሸከምና ይቅርታ ጠይቀው።»

በአገራችን ደንብ በዳይ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ተበዳይ ፊት ይንበረከካል፤ የሚያወርድለትም ተበዳዩ ነው። ለድንጋይ የዚህ ሜዳ ችግር የለበትም። ከበድ ያለውን መርጬ ተሸከምኩና ጋሼ ይመር ፊት ወደቅሁ። ሰዉ ከቦናል። እሱ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን በሁለት እጁ ያዘ፤ ግን አላነሳውም። አፉን ወደ ጆሮዬ አስጠጋ።

«አልነበርኩም» አለኝ በሹክሹክታ። «እኔም አውቃለሁ፣ ልጄ። ኳስ ነክቼ አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ ማሽን ሥር ነበርኩ። ስወጣም ያወቀ የለም። ስሜ ሰው በተሰበሰበበት ሲነበብ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ጣለ ተብሎም ቢሆን። ጎረቤቶቼ ከዚያ ወዲህ ነው አንቱ ማለት የጀመሩኝ።»

ድንጋዩ ትከሻዬ ላይ ነው፤ ክብደቱ ግን ጠፋብኝ። ከኋላ ሰው፣ «ምን አለው? ምን አለው?» ይላል። ቀና ብዬ አየሁት። ዓይኑ ውሃ ሞልቷል፤ የሚጠብቀው መልሴን ነው።

ገና ቅድም በወላሂ ምዬ የካድኩ ሰው ነኝ። ሼሁ ቆመዋል፤ ሰው ሁሉ ይሰማል። ድንጋዩን እንደተሸከምኩ ድምፄን አነሳሁ።

«ነበሩ!» አልኩ። «ጋሼ ይመር ነበሩ! እኔ ነኝ የተሳሳትኩት!»

ሰዉ እልል አለ። እርሳቸው ድንጋዩን አነሱልኝ። እኔ ግን እንደተንበረከክሁ ክው ብዬ ቀረሁ፤ ያን ስል ድምፄ አልተንቀጠቀጠም ነበር።